ካሴት ውስጥ አለ የተባለው ልጅ

ልጄ ሰላም ከሥራ ስትገባ ጫማዋን በቅጡ ሳታወልቅ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኝና አንድ የጠፋ ልጅ ታመጣለች። የሩቅ አገር ልጅ፣ የቅርብ አገር ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጠፋ፣ ደጃፉ ላይ ሲጫወት የጠፋ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት እንደገባ ያልታወቀ። ዘጋቢ ፊልም ነው ትለኛለች። ድምፀ ወፍራም ሰውዬ ቀስ እያለ ይተርካል፣ ከሥር ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ይሰማል። «አንቺ ልጅ፣ ሌላ የሚታይ ነገር ጠፍቶ ነው?» እያልኩ እነጫነጫለሁ፤ ግን ከሶፋው አልነሳም። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ እወደዋለሁ። ሳያልቅ ብትዘጋው የምጣላት እኔ ነኝ። ማን ወሰደው? ያ ጎረቤት ለምን በማግሥቱ መኪናውን አጠበ? እንጀራ አባትየው ምን ደበቀ? አብረን እንገምታለን፣ አብረን እንከራከራለን። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ «እስከ ዛሬ አልታወቀም» ይልና ሁለታችንም ተናደን ወደ እራታችን እንሄዳለን።

ባለፈው እሑድ ግን አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ። ፊልሙ ሲጀምር እንደ ልማዱ የልጁ ፎቶ መጣ። የልደት ኬክ ፊት ቆሟል፣ አፍንጫው ላይ ክሬም አለ፣ ሳቁ ደግሞ ልክ የለውም።

«ይኼኛውም ፎቶ አለው» አልኩ ሳላስበው።

ሰላም ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ማለትሽ ነው እማ? ፎቶ የሌለው ልጅ አለ እንዴ?»

አይፈረድባትም። እሷ ገና በሰማንያ ቀኗ የተነሳችውን ጨምሮ ሦስት አልበም ሙሉ ፎቶ ያላት ልጅ ናት፤ እናቷ ፎቶ ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ነቻ። «እስኪ አቁሚው» አልኳትና፣ ለማንም በሙሉ ተርኬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳት።

ጊዜው ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነበር። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ማትሪክ ወድቄ ቤት ከመቀመጥ ብዬ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ጋሽ ደግፌ ዘንድ ተቀጥሬያለሁ። ጋሽ ደግፌ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ እሱ ግን ጨርቁን ጥሎ ካሜራ ያነሳ ሰው ነው። ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበረው። እሱ ሠርግ ይቀርጻል፣ እኔ ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ በገመድ አገናኝቼ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አስገባለሁ። የስድስት ሰዓቱን ሠርግ የሁለት ሰዓት ካሴት ማድረግ ሥራዬ ነው። ሠፈርተኛው «ቆራጯ» ይለኝ ነበር። ስሜ ትርሲት ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

ያኔ ካሜራ ይዞ ሠርግ ቤት የገባ ሰው ትልቁ ጠላቱ ልጅ ነው። ሙሽሪትን ልትቀርጽ ስትል ከሌንሱ ፊት አሥር ጭንቅላት ብቅ ይላል። ትቆጣቸዋለህ፣ ይበተናሉ፣ ወዲያው በሌላ በኩል ይመጣሉ። አንዱ ምላሱን ያወጣል፣ አንዱ ታናሹን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይመጣል። ሽማግሌ በዱላ ቢያባርራቸውም ለአፍታ ነው። ጋሽ ደግፌ ለዚህ መላ ነበረው። ሆዱ ተበላሽቶ የማይሠራ አሮጌ ካሜራ አለን፤ ከውጭ ሲታይ ግን አዲሱን ያስንቃል። እሱን ለእኔ ይሰጠኝና፣ «ትርሲት፣ ልጆቹን ቅረጪልኝ» ይላል። እኔ ልጆቹን ሰብስቤ ከድንኳኑ ራቅ ወዳለ አጥር እወስዳለሁ፣ በቁመት አሰልፋለሁ፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» እላለሁ፣ ካሜራውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ እሄድባቸዋለሁ። ካሴት የለውም፣ ባትሪ የለውም። ልጆቹ ግን ረክተው ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ፤ ጋሽ ደግፌም ሠርጉን በሰላም ይቀርጻል። «ባዶ መቅረጽ» እንለው ነበር። እንስቅበትም ነበር።

ያን ዓመት ጥር ላይ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ጉኑኖ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሠርግ ሠራን። ሙሽራው የሶዶ ሰው ነው፣ ድግሱ ግን በሙሽሪት አባት ግቢ ነበር። ሁለት በሬ ታርዶ፣ የሚለበልበው የቃሪያ ድልህ፣ ዳጣው በጣሳ ቀርቦ፣ ጥሬ ሥጋው በየእንሰት ቅጠሉ ላይ ተከምሮ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ የገባበት ሠርግ ነው። እኔም እዚያ ልጆች አሰለፍኩ። ቀረጽን፣ በላን፣ አመሻሽ ላይ ሙሽሮቹን አጅበን ወደ ሶዶ ተመለስን። በሳምንቱ ካሴቱን አቀናብሬ ለባለቤቶቹ ሰጠን፣ ረሳነው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ጊፋታ ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ሴት ደጃችን ላይ ቆመች። ጊፋታ ለወላይታ ሰው ዘመን መለወጫ ብቻ አይደለም፣ መሰብሰቢያም ነው። አዲስ አበባ ጫማ የሚጠርገው፣ ሸማ የሚሠራው፣ የትም ያለው ልጅ ሁሉ ለጊፋታ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሴትየዋ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ ጭቃ የበላው ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ቆማለች፣ ወለላችንን እንዳታቆሽሽ።

«ግቢ እትዬ፣ ፎቶ ልትነሺ ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ልጄ እናንተ ጋ አለ» አለች። «ካሴት ውስጥ አለ። አውጡልኝ።»

ጋሽ ደግፌ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ እሱም አቆመ።

ዱባለች ትባላለች። ከጉኑኖ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው። አማርኛዋ ገበያ ላይ የተለቀመ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው፤ ሶዶ ላደገ ሰው ይኼ ብርቅ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጇ ማቴዎስ፣ እሷ ማቴ የምትለው፣ ያን የጥር ሠርግ ቀን ጠፋ። እሷ ከሠርጉ ቤት ጓሮ ከሴቶቹ ጋር ሥራ ላይ ነበረች። ሲመሽ ብትፈልገው የለም። የዚያን ቀን ልጆች የሙሽራው መኪና ላይ ተንጠላጥለው እስከ ታች መንገድ ሄደው ስለነበር፣ ከእነሱ ጋር ነው ብላ ጠበቀች። ሌሎቹ በእግራቸው እየተሳሳቁ መጡ፣ ማቴ አልመጣም።

«ፖሊስ ሄድኩ» አለች። «ፎቶ አለው? አሉኝ። የለውም። ጊፋታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የሰው ልጅ ሁሉ መጣ። አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆችን ለመንኩ፣ ፈልጉልኝ አልኩ። እነሱም ፎቶ ስጪን፣ እያሳየን እንጠይቃለን አሉ። የለኝም አልኩ። አለቀስኩ።» ከዚያ ፊቷ በራ። «የሠፈር ልጆች ነገሩኝ። ማቴ ተቀርጿል አሉ። ሴት ልጅ አጥር ጋ አሰልፋ ሁሉንም ቀረጸቻቸው፣ ማቴንም ፊቱን ቀረጸችው አሉ።» ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ጋሽ ደግፌ ፈጠን ብሎ ገባበት። ያን ቀን የቀረጽንባቸው ካሴቶች ሌላ ሠርግ ተቀርጾባቸዋል አላት፤ ይኼ እውነት ነው፣ ካሴት ውድ ስለነበር ደጋግመን እንጠቀምበት ነበር። የቀረው የተቀናበረው ብቻ ነው፣ እሱም የሙሽሪት እናት ጋ ነው፣ እነሱ ደግሞ አሁን አረካ ገብተዋል። ሴትየዋ «የት ነው ቤታቸው?» ብላ ጫማዋን አነሳች። እሱ ወደ ጓዳ ስቦኝ፣ «አንቺ፣ ባዶ ነው ብለሽ እንዳትቀባጥሪ! ይኼ ከተሰማ ሁለተኛ ሠርግ የሚጠራኝ የለም» አለኝ።

አልቀባጠርኩም። ግን «እኔ አረካ እወስዳታለሁ» አልኩት። ደግነት አይምሰላችሁ። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴ የበለጠ ግን ጉጉቴ አላስቀመጠኝም። ያን የሚያህል ሕዝብ መሐል እንዴት አንድ ልጅ ይጠፋል? ማን አየው? በስንት ሰዓት? ያን ካሴት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ በገባበት ሁሉ እየቆረጥኩ እንደጣልኩ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቦታ አምልጦኝ ሊሆን ይችላል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

በማግሥቱ በጠዋት ተነሳን። የአረካ መንገድ ያኔ ጠጠር ነው፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ደግሞ ጠጠሩም ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ሚኒባሷ ሁለት ጊዜ ተቀርቅራ ወርደን ገፋን። ግራ ቀኙ እንሰትና በቆሎ ነው፤ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ለብሶ ከኋላችን ቀረ። እኔ መንገዱን ሙሉ እጠይቃታለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው? ከምሳ በፊት ነው በኋላ? ከማን ጋር ነበር? የማታውቂው ሰው ግቢው ውስጥ ነበር? እሷ ጓሮ ስለነበረች ብዙውን አታውቅም። አንዴ፣ «ማቴ ሸንኮራ ሲበላ...» ብላ ፈገግ ስትል፣ «ሸንኮራ የሰጠው ሰው ነበር እንዴ?» ብዬ አቋረጥኳት። አልነበረም አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የሙሽሪት እናት ወይዘሮ አየለች ደስ የሚሉ ሴት ነበሩ። የመጣንበትን ስንነግራቸው ደረታቸውን መቱ፣ «ውይ፣ ውይ፣ የዚያች የዱባለች ልጅ? እስካሁን?» አሉ። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልን። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፤ ለካ ዱባለች ስታለቅስ በዚያ አሳበበች። ካሴቱን ሲያመጡት ሽፋኑ አልቋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል፤ በተለይ እሳቸው የሚጨፍሩበት ቦታ ሲደርስ ወደኋላ ይጠነጠንና ይደገማል።

«እዚያ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይዘላል» አሉን አፍረው፣ «ልጆቹ ደጋግመውት ነው።»

ልጆቹ ናቸው ብለን እንመን።

አየን። ድንኳን፣ ሚዜ፣ በሬ፣ ኬክ። አንድም ልጅ የለም። በሥራዬ እንዲህ የኮራሁበትም፣ እንዲህ ያፈርኩበትም ቀን የለም፤ ልጅ የሚባል ፍጥረት ከዚያ ሠርግ ላይ ጥርግ አድርጌ አውጥቻለሁ። ዱባለች ከስክሪኑ አንድ ክንድ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን አትነቅልም። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ የወይዘሮ አየለች ጭፈራ መጣ፤ ምስሉ ይርገበገባል፣ ነጭ መስመር ይሠራል። እሳቸው ከፊት ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ከኋላቸው፣ ራቅ ብሎ አጥሩ ይታያል። አጥሩ ጋ የልጆች ሰልፍ አለ። ከሰልፉ ፊት አንዲት ቀጭን ልጅ ካሜራ ተሸክማ ቆማለች።

እኔ ነኝ። ያቺን አላወጣኋትም፤ የሙሽሪትን እናት ጭፈራ ማን ይቆርጣል?

«ማቴ!» ብላ ጮኸች ዱባለች። ዘላ ስክሪኑን ነካችው። «ያውና! ቢጫ ሹራብ! ማቴ!»

አቁመን አየን፤ ምስሉ ቆሞም ይንቀጠቀጣል። ቢጫ ሹራብ የለበሰ ልጅ አለ፣ ከሰልፉ ሦስተኛ። ግን የሚታየው ጀርባው፣ አንድ ጆሮውና የተላጨ ማጅራቱ ነው። ሁሉም ልጆች ፊታቸውን ወደኔ አዙረዋል፤ ወደ ጋሽ ደግፌ ካሜራ ያየ አንድም የለም።

ዱባለች ግን አላዘነችም። ወደኔ ዞረች፤ እንደዚያ ደስታ የሞላው ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁባትም። «አንተ ነህ! ይኸው ፊቱን ትቀርጻለህ! ያንተ ካሴት የት አለ?»

ወይዘሮ አየለችም፣ «እውነት ነው፣ ያንቺ ካሴትሳ?» አሉ።

ጋሽ ደግፌ ትዝ አለኝ። አንድ ውሸት ደግሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተበላሽቷል ልላት። አፌን ስከፍት ግን እውነቱ ወጣ። «እትዬ፣ ካሴት አልነበረውም። የማይሠራ ካሜራ ነው። ልጆቹ እንዳያስቸግሩ... ዝም ብለን ነው የምናሰልፋቸው።»

«ምን ማለት ነው ዝም ብለን?» አሉ ወይዘሮ አየለች።

«ባዶ ነበር» አልኩ።

ዱባለች ቶሎ የገባት አልመሰለኝም። ወደ ስክሪኑ አየች፣ ወደኔ አየች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስታዬ ነበር። እሷ ግን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንተ ግን አየኸው» አለች።

«እ?»

«ካሴት የለም። አንተ ግን በዓይንህ አየኸው። ፊት ለፊት ነበርክ። ምን ይመስል ነበር ማቴ? ፈርቶ ነበር?»

ልንገራችሁ። በዚያ የሞተ ካሜራ ዓይናችሁን ብትከቱ የምታዩት ጥቁር ነው። ባትሪ ከሌለው ምንም አያሳይም። እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱን እዚያ ጨለማ ውስጥ ከትቼ ነበር ከልጅ ልጅ የምሄደው። ከዚያ ሰልፍ አንድም ፊት አላየሁም። ይኼንን ግን ልነግራት አልቻልኩም። አንዱን እውነት የተናገርኩ ጊዜ ጉልበቴ ያለቀ ይመስለኛል።

«አልፈራም» አልኳት። «እየሳቀ ነበር። ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።»

ዱባለች ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ቁጣ አልነበረውም፤ ለትንሽ ልጅ የሚያዝኑት ዓይነት ነው።

«ፊት ጥርሶቹ ወልቀው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ፊት አይስቅም ነበር፣ ያፍራል። አፉን በእጁ ይይዛል።» ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞህ።»

እኔን አይዞህ አለችኝ! ያን ጊዜ አለቀስኩ። ወይዘሮ አየለችም አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም።

ካሴቱን በብዙ መሐላ ተውሰን ሶዶ ወሰድነው። ምስሉን ቴሌቪዥን ላይ አቁሜ በፎቶ ካሜራ ከስክሪኑ ላይ አነሳሁት፤ ያኔ ከቪዲዮ ፎቶ የምናወጣው እንደዚያ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዱ ደህና ወጣ። ቢጫ ሹራብ፣ ማጅራት፣ ጆሮ። ጋሽ ደግፌ እየተበሳጨም ቢሆን አሥር ቅጂ አጠበልኝ፤ ስለ ባዶው ካሜራ ስለነገርኳት ግን ሁለት ወር አላናገረኝም። ዱባለች ፎቶዎቹን በፌስታል ጠቅልላ ወሰደች። አዲስ አበባ ለሚመለሱት ልጆች አደለቻቸው። ከጀርባ በተነሳ ፎቶ ማን ምን ያውቃል? አንድም ወሬ አልመጣም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የታጠበውን ፎቶ ስመረምር ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰውዬ አየሁ። ባርኔጣ አድርጓል፣ ኮቱ ረጅም ነው፣ ልጆቹን እያየ ቆሟል። ፊቱ አይለይም። ወይ ጉድ! እንቅልፍ አጣሁ። ወይዘሮ አየለች ጋ ተመልሼ ጠየቅሁ። «አይ፣ የኛ አይደለም፣ ከሙሽራው ጋር የመጣ ነው፤ የሶዶ ሰው ነው ብለን ደህና ቦታ አስቀምጠነዋል» አሉ። ሶዶ ሚዜዎቹን አንድ በአንድ አግኝቼ ጠየቅሁ። «የኛ አይደለም፣ የሙሽሪት አጎት ነው፤ ሲያስተናግድ ነበር» አሉኝ። ሁለቱ ወገኖች ሰውየውን አክብረውት ውለዋል። የሴቷ ወገን የወንዱ ዘመድ ነው ብሎ፣ የወንዱ ወገን የሴቷ ዘመድ ነው ብሎ ስሙን ሳይጠይቀው ቀርቷል። ይኼ ሠርግ ላይ ብቻ የሚሆን ስሕተት ነው። ሰው ምን ብሎ እንግዳን «አንተ የማን ነህ?» ይላል? ነውር ነው። ምናልባት ሰውየው ምንም የማያውቅ፣ መንገድ ሲያልፍ ሥጋ የሸተተው ምስኪን ነው። ምናልባትም አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቅሁ፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሳይ ተከትዬ የሄድኩበትም ቀን አለ። ለፖሊስም ፎቶውን ሰጠሁ፣ ተቀበሉኝ፣ በዚያው ቀረ።

ዱባለች ለገበያ ስትመጣ ብቅ ትል ነበር። ገና ከበሩ ስትገባ ስለ ባርኔጣው ሰውዬ አዲስ ያገኘሁትን እነግራታለሁ፤ እንደዚህ ብለው ነገሩኝ፣ እዚያ ታይቷል ይላሉ። ቁጭ ብላ ትሰማኛለች። ራሷን ትነቀንቃለች። «እግዜር ይስጥህ» ብላ ትሄዳለች። ከዚያ አገባሁ፣ ሰላምን ወለድኩ፣ ጋሽ ደግፌም ቤቱን ሸጠ፣ ዱባለችም መምጣት ተወች።

ሰላም ይኼን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፊልሙ እንደቆመ ነው፤ ኬክ ፊት የቆመው ልጅ ስክሪኑ ላይ ይስቃል።

«እና ሰውየው ማን ይመስልሻል እማ?» አለችኝ። «የሚዜዎቹ ሹፌር ቢሆንስ?»

አፌን ከፈትኩ። መልስ ነበረኝ፤ ሦስት ግምት አለኝ፣ ሦስቱንም ከነማስረጃቸው መደርደር እችላለሁ። ግን ተውኩት። የዚያን ሰውዬ የኮቱን ርዝመት አውቃለሁ። በየትኛው እግሩ አጋድሎ እንደቆመ አውቃለሁ። የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ጊዜ ሥጋ እንደቀረበለት ሳይቀር ጠይቄ አውቃለሁ። ማቴስ? ስለ ማቴ የማውቀው ጥርሱ መውለቁንና ሹራቡ ቢጫ መሆኑን ነው። እሱንም ጠይቄ አይደለም። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ዓመት በየገበያው ቀን ከዚያ ጭቃ መንገድ ወጥታ እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ ልጇን በዓይኗ የያዘች እሷ ብቻ እንደሆነች እያወቅሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለሱ አውሪኝ አላልኳትም። ስለ ባርኔጣ እያወራሁ ሸኘኋት። ይኼ ያንገበግበኛል፤ ከባዶው ካሜራም የበለጠ ያንገበግበኛል።

ሰኞ ዕለት ጉኑኖ ዘመድ ያላት ጎረቤቴን አስደውዬ አስጠየቅሁ። አለች አሉኝ። አርጅታለች፣ ሴት ልጇ ጋ ትኖራለች፣ ዓይኗ ደክሟል ግን ጆሮዋ ደህና ነው አሉ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

«ምን ልትያት ነው?» አለችኝ ሰላም።

«እኔማ ምንም አልላትም» አልኳት። «ማቴ ምን ዓይነት ልጅ ነበር ብዬ ልጠይቃት ነው።»